ሽማግሌዎቹን ያልመለስኩበት እሑድ

ልጄን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በቆሙበት፣ «ሰጥቻችኋለሁ» ያልኩ አባት እኔ ነኝ። አዳማ ውስጥ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ሰፈራችን እስከ ዛሬ ይስቅብኛል፤ አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ቤታችን ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥራዬ ልጀምር። ጎሚስታ ነኝ። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሾፌሮች ጥለዋቸው ከሚሄዱ ጋዜጦች፣ መናኸሪያው አካባቢ መሬት ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍትና ከሬዲዮ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት። ነገሩን ብቻውን ስለደረሰበት፣ ሌላው ሰው ገና ያልደረሰበት ይመስለዋል። ይህን የምለው ስለ ጎረቤቴ አይደለም።

የጎሚስታ ዋናው ሥራ መለጠፍ አይደለም፤ መናገር ነው። ሾፌር ጎማውን ያሳይህና ጎማውን ትቶ ፊትህን ያያል። መስማት የሚፈልገው «ያደርስሃል» የሚለውን ቃል ነው። መተሐራን አልፎ ያለው ሙቀት ግን ለቃል አይራራም። አስፋልቱ ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል፤ የሳሳ ጎማ እዚያ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ የማያደርሰውን «አያደርስህም» እላለሁ። ሾፌሩ ይቆጣል፣ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱም «ያደርስሃል» የሚለው ሌላ ሰው ፍለጋ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ይሂድ። ለስላሳ ቃል ሰው ሲገድል አይቻለሁ፤ ሻካራ ቃል የገደለው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህንኑ ወደ ቤቴ ይዤ ገባሁ። እኔ ቤት የሚፈልግ «እፈልጋለሁ» ይላል፣ የማይፈልግ «አልፈልግም» ይላል፤ ዙሪያ ጥምጥም የለም። ልጆቼ «አንተ» እያሉ እንዲጠሩኝ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ፤ በአንቱታ ከተጋረደ ውሸት በአንተ የተነገረ እውነት ይሻለኛል ብዬ። ልጆቼ ይፈሩኛል ይባላል። ዋሽተውኝ ግን አያውቁም፤ ቢያንስ እኔ አልያዝኳቸውም።

በዚህ ጠባዬ የተጎዳ ሰው አንድ ብቻ ነው እል ነበር፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ሻሸመኔ እህል ይነግዳል። አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት ቤታችን ደረሰ። «ና ብላ» አልኩት። «በልቻለሁ» አለ። «እንግዲያስ እሺ» ብዬ የቀረበለትን ሳህን አስነሳሁ። እኛ ስንበላ እያየ ተጫወተ። አገራችን ውስጥ «በልቻለሁ» ማለት «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለምኑኝ» ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ለምን እንዲህ ይሆናል? የራበው ሰው «ርቦኛል» ቢል ምን ይጎድልበታል? በኋላ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ምግብ ቤት ገብቶ እንደ ጅብ ሲበላ የሰፈር ሰው አየው። ባለቤቴ በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች። እኔ «በልቻለሁ ያለው እሱ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ?» አልኳት። ይህን መልስ ብዙ ዓመት እንደ ጥሩ መልስ ይዤው ኖርኩ።

ዛሬ ሬዲዮ ላይ «እሴት» የሚሉት ቃል በዝቷል። የግል እሴት፣ የማኅበረሰብ እሴት፣ እሴታችን ተሸረሸረ፣ እሴታችንን እንጠብቅ። ሲሰማ የሙዚየም ዕቃ ይመስላል። ለእኔ እሴት ማለት ሰው የማይመቸው ጊዜም የሚይዘው ነገር ነው። ሲመቸው ብቻ የሚይዘውማ ልማድ እንኳ አይባልም። የእኔ እሴት ቀጥ ያለ ቃል ነበር፤ ነውም። የማኅበረሰቡ የሚባለውን ደግሞ ሰዎች እውነት መናገር ሲያቅታቸው የሚደበቁበት አጥር አድርጌ ነበር የማየው። እዚህ ላይ ነው ልጄ የምትመጣው።

የመጀመሪያ ልጄ ናት። ቢሾፍቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ላገባው የምፈልገው ሰው አለ» አለችኝ።

«ማነው?»

«የአቦምሳ ልጅ ነው። እዚያው ቢሾፍቱ አበባ እርሻ ውስጥ በመስኖ ላይ ነው የሚሠራው።»

በልቤ ኮራሁ። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን በአክስት አስነግራ፣ በጎረቤት አስለምና፣ እናቷን አስለቅሳ ነበር። በሳምንቱ ቢሾፍቱ ሄድኩና ልጁን ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ አንድ ሻይ ቤት አስቀመጥኩት። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል፤ ሙቀት ግን አልነበረም።

«ትጠጣለህ?» አልኩት።

«ቢራ። አንዳንድ ጊዜ።»

እኛ ጌታን የምናመልክ ቤተሰብ ነን፤ ቢራውን አልወደድኩለትም። መልሱን ወደድኩለት። «ትቆጣለህ?»

«እቆጣለሁ። ቶሎ ይበርድልኛል።»

«እሷስ?»

«እሷ ቶሎ አይበርድላትም። ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁ የለ?»

ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። ወደ አዳማ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ጉዳዩ አለቀልኝ። ጎማውን አይቻለሁ፣ ያደርሳታል። ለማንም አልተናገርኩም፤ የተቆረጠ ነገር ወሬ አያስፈልገውም ብዬ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ጠዋት፣ እኛ ወደ ጸሎት ከመሄዳችን በፊት ነው። በራፋችን ላይ ሚኒባስ ቆሞ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ወረዱ። አዳማ ውስጥ ጋቢ ለብሶ የምታየው ሽማግሌ ወይ ታሟል፣ ወይ ለሽምግልና መጥቷል። ፊት ፊት የሚሄዱት ረጅም፣ ቀጭን አዛውንት ናቸው፤ ከዘራቸውን የሚይዙት ለመደገፍ ሳይሆን ለመናገር ይመስላል። ከኋላቸው አጭር፣ ወፍራም ሰውዬ፣ ከዚያም ሌሎች አሉ። ባለቤቴ እንደሚመጡ ከልጃችን ሰምታ ተዘጋጅታ ነበርና ፈጥና ወደ ማድቤት ገባች። በእሷ ሐሳብ የዛሬው ቀን የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እኔ «ዘመድ አማክሬ» ብዬ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ እነሱ አዝነው እየመሰሉ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ በሌላ ሰው ቤት ስንቴ አይቻለሁ። ወግ ነው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ አዛውንቱ። «ጉዳያችን ሳይሰማ መቀመጥ አይሆንልንም።» ከዘራቸውን መሬት አስነኩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንዝ ያለ ገባር አይሞላም። ቤትም ያለ ዘመድ አይሞላም። እኛም ከሩቅ አገር ተነሥተን፣ አቧራውን ጠጥተን፣ ዘመድ ፍለጋ…»

«ስለ ልጄ ነው አይደል?» አልኩ።

አዛውንቱ ቆም አሉ። «አዎን፤ እሱንም እንደርስበታለን።»

«ልጁን አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁ። ሰጥቻችኋለሁ። በሉ ተቀመጡ፣ ቁርስ ቀርቧል።»

ከማድቤት የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። ክዳኑ ሲሚንቶው ላይ እየተሽከረከረ ቆየ። አጭሩ ሰውዬ ወደ ጎን ዞረና ለጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ጠየቀ፤ ልጅቷ ምን ሆና ነው? ይለዋል። እኔ እንደማልሰማ ቆጥሮ ነው። አዳማ መንገድ ዳር ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ኦሮምኛ አይሰማም ብሎ ማሰቡ ከሩቅ መምጣቱን ነው የሚያሳየው።

አዛውንቱ ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «እንግዲህ… ሰምተናል» አሉ። «እኛም ሄደን እንመክርበትና ቀጠሮ እንሰጥዎታለን።»

ሳይቀመጡ ወጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ልጅ ጠያቂዎቹ ለልጅቷ አባት «መክረን እናሳውቅዎታለን» ብለው ሄዱ።

ባለቤቴ በእጇ ማማሰያ እንደያዘች ወጣች። «ተመለሱ ማለት ምን ያቅትሃል? ሰው ሁሉ የሚለውን!»

«ልቤ እሺ እያለ አፌ ተመለሱ አይልም።»

«ልብህ፣ አፍህ» አለች። «እኔስ?»

«አንቺማ ትፈልጊው የለ?»

«መፈለጌን ታውቃለህ። ጠየቅኸኝ ወይ?»

ይህ የሴት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ከቀትር በኋላ ልጄ ከቢሾፍቱ መጣች፤ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ደርሷት ነበር። አላለቀሰችም። እሷ ስትናደድ ትረጋጋለች፤ ከእኔ የወረሰችው ነው።

«አባዬ፣ እንደተለጠፈ ጎማ አንከባለልከኝ» አለች።

«እፈልገዋለሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ። እኔ እሱን ፈለግሁ። አንተ ደግሞ እኔን ለመልቀቅ ትንሽ የምትቸገር መስሎኝ ነበር።»

ሕይወቴን ሙሉ ቀጥ ያለ ቃል ስናገር ኖሬአለሁ። ቀጥ ያለ ቃል ሲመጣብኝ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ።

ከአቦምሳ የተባለው ቀጠሮ አልመጣም። አንድ እሑድ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ልጁ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አጎቶቼ እግራቸውን እየጎተቱ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ተወው። የተወውን ለልጄ ነግሯት ነበር፣ ልጄ ለእናቷ ነገረች። አንዲት አክስቱ «እንዲህ የሚጣደፉት የሚሸፍኑት ነገር ቢኖራቸው ነው፤ ወይ ልጅቷ አርግዛለች፣ ወይ ታማለች» ብላለች። እናቱም አልቅሳለች። የልጄ ስም አይታው በማታውቀው ከተማ በሰው አፍ ላይ ወደቀ፤ የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ያውም እውነት ተናግሬ። ጋብቻው ሊፈርስ ነበር።

ባለቤቴ «ደውልና ቸኩዬ ነው በላቸው» አለች።

«አልቸኮልኩም። ያልሆነውን ሆነ አልልም።»

«እንግዲያስ ልጅህን ከእውነትህ ጋር አስቀምጣት» ብላ ወጣች።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት የከባድ መኪና የኋላ ጎማ እየፈታሁ ሳለ ከአንድ ባጃጅ ከዘራ ወጣ። ከከዘራው ኋላ አዛውንቱ ወጡ። ብቻቸውን ናቸው፤ ጋቢም የለም፣ ኮት ነው የለበሱት። «አካም» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፤ በኦሮምኛ መለስኩላቸው። ሳቅ አሉ። «ሰምተህ ነበር ማለት ነው ያን ቀን።»

«ሰምቼአለሁ።»

«እሱ ሰውዬ ሲበላ ብቻ ነው ዝም የሚል። ይቅር በለው።»

መሬት ላይ የተኛ አሮጌ ጎማ ላይ ካርቶን ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። መኪናው የሚሠራለት ሾፌር የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጥላው ሥር ጫት ጨብጦ ይሰማናል። «አባባ፣ እኔም ወንድም አለኝ» አለ። «እሳቸው ዘንድ ሽማግሌ ልላክ? ለቆመ ሰው ነው አሉ የሚሰጡት፤ ነዳጅ ይቆጥባል።»

«አንተ ጎማህን ጠብቅ» አልኩት።

ለአዛውንቱ ሻይ አዘዝኩላቸው፤ ጠጡ። ከዚያ «ያን እሑድ ቤትህ መጥተን ሰው አጣን» አሉ።

«እኔ ነበርኩ እኮ።»

«አንተማ ነበርክ። ሌላ ሰው ነው ያጣነው። እናትየዋን አላየንም። አጎት አላየንም። ጎረቤት አላየንም። አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ‹ውሰዱ› አለን። ከገበያ እንኳ በግ ስትገዛ ሁለት ሰው ይከራከርሃል።»

«ታዲያ ምን ልበል? ልቤ እሺ እያለ እምቢ ልበል? አባባ፣ እኔ ውሸት አልወድም።»

«ውሸት መቼ ለመንኩህ?» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ሚስትህን ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ወንድሟንስ?»

«አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያስ በእጅህ ያልነበረ ነገር ነው የሰጠኸን። ይህን አንተ ምን ትለዋለህ?»

ሾፌሩ ጫቱን ማኘክ ተወ። እኔ ወደ ጎማው ጎንበስ ብዬ ያላላሁትን ብሎን መልሼ አጠበቅሁ። 

«ልጆች ይጣላሉ» አሉ አዛውንቱ፤ አሁን ድምፃቸው ለስለስ ብሏል። «ሲጣሉ የት ይሂዱ? አንተ ዘንድ? አንተ ‹ተጣላችሁ? አዎ ወይስ አይ?› ብለህ ትመልሳቸዋለህ። እኛ የምንመላለሰው እግራችን በርትቶ አይደለም። በተመላለስን ቁጥር አንድ ሰው ይጨመራል። ብዙ ሰው ያሰረውን ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ለመሆኑ ይህ ጎማ ስንት ብሎን አለው?»

«ብዙ ነው።»

«አንዱ አይበቃም?»

ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በጎማ ማስረዳት የእኔ ልማድ ነው፤ በገዛ መሣሪያዬ መመታት አልጣመኝም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ተሸነፈ» እንዳይለኝ እፈልጋለሁ። ከእውነትና ከወግ የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ ዛሬም እውነት እላለሁ። እውነት የሌለበት ወግ ልብስ የለበሰ እንጨት ነው፤ እንዲህ ያለ ወግ ብዙ አይቻለሁ፣ በጥርሱ እየሳቀ ሰው የሚበላ። ግን ያን እሑድ የተናገርኳት እውነት ጎደሎ ነበረች። የእኔን ልብ ብቻ ይዛ «ቤቱ እሺ ብሏል» አለች። ቤቱ እሺ አላለም፤ ቤቱን የጠየቀው ሰው የለም። ወጉ «ዘመድ አማክሬ» በል የሚለኝ እንድዋሽ ሳይሆን እንዳማክር ኖሯል። ሌላው ሰው ቃሉን ብቻ እያለ ሥራውን ሲተው አይቼ፣ እኔ ደግሞ ከቃሉም ከሥራውም ወጣሁ። ሁለታችንም አልሠራንም።

ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ባለቤቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ልጆቹ ብዙ ነገር ነግሬአታለሁ። መጠየቅ ግን ምላሴ ላይ እንግዳ ነበር።

«ልጅቷን ለአቦምሳዎቹ እንስጥ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «አስቤ እነግርሃለሁ» አለች።

«መቼ?»

«ቀጠሮ እሰጥሃለሁ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም፤ በእርግጥ አሰበች። አንድ ጠዋት ሻይዬን ስታቀርብልኝ ሐሳቧን ዘረዘረችው። ልጁን ጠልታው አይደለም። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነው፤ ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የት ትታረሳለች? በእሷ ወገን የመጀመሪያው ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። በእነሱ ወገን እንዴት እንደሆነ አታውቅም። ልጅቷ አቦምሳ ተወስዳ፣ ቋንቋውን በወጉ ሳትይዝ፣ እናቷን ሳታይ ብትወልድስ? እሷ ራሷ እኔን አግብታ፣ እናቷ ሩቅ ሆና፣ ይህችኑ ልጅ ስትወልድ ምን እንደተሰማት ያን ጠዋት ነገረችኝ። ያን ጊዜ እኔ ጎማ እነፋ ነበር። አብረን ያን ያህል ዓመት ስንኖር ይህን ነገር አልሰማሁትም፤ አልደበቀችኝም፣ አልጠየቅኋትም እንጂ።

ከዚያ ሻሸመኔ ሄድኩ። ወንድሟን በእህል ጆንያ መሐል ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገርኩት። ጆንያውን ትቶ ቀና አለና፣ «እኔን ልትጠይቅ ከአዳማ ድረስ?» አለ።

«አንተን ልጠይቅ።»

«ልጅቷ ክረምት ክረምት እዚህ ጆንያ ላይ ስትዘል ነው ያደገችው። አንድ ቀን እንኳ ‹ያንተስ ሐሳብ?› የሚለኝ የለም ብዬ ነበር።» ዓይኑን በእጁ ጠረገ፤ የእህል አቧራ ነው አለ። ከዚያ ቤቱ ወሰደኝ። ምግብ ቀረበ። እኔ መንገድ ላይ ሙዝ ገዝቼ በልቼ ስለነበር ከልቤ «አልራበኝም» አልኩ።

«እንግዲያስ እሺ» አለና ሳህኑን አነሣው።

ሚስቱ ደነገጠች። እሱ ሳህኑን በእጁ እንደያዘ ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠልኝና በእጁ አጎረሰኝ፤ አንዱን ስውጥ ሌላውን፣ እምቢ ስል «በሞቴ» እያለ። ሳይርበኝ ጀምሬ ሳህኑን ጨረስኩት። ያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ ብዙ አላስታውስም።

ለአቦምሳዎቹ በልጁ በኩል «ተመልሳችሁ ኑ» ብዬ ላክሁባቸው። ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ያው ሚኒባስ፣ ያው ጋቢ፣ ያው ከዘራ መጣ። አልተቀመጡም። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከወንዙ ጀመሩ፤ ገባሩን አለፉ፣ አቧራውን ጠጡ፣ ዘመድ ፍለጋውንም ጨርሰው ልጅቷ ጋ ደረሱ። ዝም ብዬ ሰማኋቸው። እውነቱን ለመናገር ያማረ ንግግር ነበር። ባለፈው ያቋረጥኩት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«እናቷን ጠይቄአለሁ፤ የምትጠይቃችሁ ነገር አላት» አልኩ። «አጎቷንም ጠይቄአለሁ፤ እሱ ሳይኖር መልስ እንዳልሰጥ ነግሮኛል። ስለዚህ ዛሬ መልስ የለኝም። ተመለሱ።»

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት አልነበረችም። የሽማግሌዎቹ ፊት እንደ ትኩስ ዳቦ ፈካ። አጭሩ ሰውዬ ለጓደኛው በኦሮምኛ ‹ይህች ልጅ ቤት አላት› አለው፤ አሁን እንድሰማው ብሎ ጮክ አድርጎ ነው። በባዶ ሆዳቸው ተመልሰው ሲሄዱ እንደ ሰርገኛ ይሳሳቁ ነበር። ልጄ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። ወጣችና ትከሻዬ ላይ እጇን አደረገች። እኔ ቤት ብዙ መተቃቀፍ የለም፤ ለእኛ ይህ ብዙ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጡ ዕለት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ወንድሟ ከሻሸመኔ መጥቷል፣ ጎረቤቶች መጥተዋል፣ የጸሎት ቤታችን አገልጋይም አለ። ያ ሾፌር እንኳ በር ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ጥያቄዋን ራሷ አቀረበች፤ እንዲህ በሰው ሁሉ ፊት ስትናገር አይቻት አላውቅም። አዛውንቱ ጓደኞቻቸውን አማክረው፣ «የመጀመሪያው ልጅ እዚህ፣ እናቷ ቤት። የሙሽራውም እናት መጥታ እዚሁ ታግዛለች፤ እሷም እንዳይከፋት» አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ወንድሟ አየች፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያስ ሰጥተናል» አለች። እኔ ቀደም ብዬ ያልኳት ቃል ናት፤ ከእሷ አፍ ስትወጣ ግን ቤቱ ሁሉ እልል አለ።

ዛሬም ሾፌሮቼን «አያደርስህም» እላለሁ። ልጆቼንም ቀጥ ብላችሁ ተናገሩ እላለሁ። ከዚያ ቀጥዬ «ደግሞስ ማንን ጠየቃችሁ?» የምትል ነገር ስለጨመርኩ፣ ታናሹ ልጄ ምክሬ ረዘመ ይላል።

ያን ቀን ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ምግብ ቀረበ። ሳህኑን ራሴ ይዤ ወደ አዛውንቱ ሄድኩ። ከአቦምሳ ድረስ በማለዳ ተነሥተው የመጡ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ይስቃል።

«እኔ እንኳ በልቻለሁ» አሉ።

 የባለቤቴ ወንድም አንገቱን አስግጎ ያየኛል፤ ልጄም ታየኛለች።

ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና ማጉረስ ጀመርኩ።